«ጣሊያን ጥሎት የሄደ» እየተባለ በሚሸጠው ሰንጢ እንዳትሸወዱ

ጅማ ያላችሁ፣ በተለይ ቡና መጋዘን፣ ግንባታ ቦታና ጋራዥ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ይቺን አንብቡልኝ። የቀኝ እጄ ሌባ ጣት እስካሁን ሙሉ ለሙሉ አይታጠፍም። ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራዬ ቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የጆንያ አፍ እንፈታለን፣ እንሰፋለን። ሲባጎ መቁረጥ ነው፣ ማዳበሪያ መቅደድ ነው፣ ገመድ መበጠስ ነው። ያለ ሰንጢ አይሆንም። ከአጎቴ የተቀበልኳት የድሮዋ ሰንጢዬ ባለፈው ክረምት ጠፋችብኝ። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ሂርማታ ገበያ ወረድኩ።

አንድ ሻጭ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ ፒንሳ፣ ካቻቪት፣ ቁልፍ ደርድሯል። ስድስት ሰባት ሰንጢ ግን ለብቻው በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። እጀታቸው ድቡልቡል እንጨት ነው። አንገታቸው ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት አላቸው። «ወንድሜ፣ ይሄን ለሁሉም ሰው አላሳይም» አለኝ። «ጣሊያን ጥሎት የሄደ ዕቃ ነው። ከአሮጌ መጋዘን የወጣ። ዕድሜ ልክህን አይዝግም።» ወረቀት አወጣና በአንድ ጊዜ ሰነጠቀው። ማግኔት ሲያስጠጋበት ጥብቅ አለ። «አየህ? ንጹሕ ብረት!» 2,200 ብር ጠራ። ተከራክሬ በ1,600 ወሰድኩት። አጠገቡ ያለው ልጅ ተራ ታጣፊ ሰንጢ በ150 ብር ይሸጥ ነበር። ዞሬም አላየሁት።

ሦስት ቀን ደስ እያለኝ ሠራሁበት። በአራተኛው ቀን ሲባጎውን መቁረጥ ትቶ ያኝከው ጀመር። ሳልኩት። በማግስቱ እንደገና ደነዘ። ማታ እርጥብ ጆንያ ላይ ረስቼው አደርኩና ጠዋት ሳየው የዝገት ነጠብጣብ አውጥቷል። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን 1,600 ብር የከፈሉበትን ዕቃ እንዲህ በቀላሉ አይጠረጥሩትም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጆንያ ላይ ድርብ ቋጠሮ ገጠመኝ። ሲባጎው እንዳይበጠስ ብዬ በሰንጢው ጀርባ ላላላው ተጫንኩት። ቀለበቱን አዙሬ ቆልፌዋለሁ፣ ስለዚህ አልፈራሁም። ቀለበቱ ግን ተንሸራተተ። ስለቱ ታጥፎ ጣቴ ላይ ተዘጋ። አምስት ስፌት፣ የቴታነስ መርፌ፣ ሁለት ሳምንት ቤት መዋል። እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ያልሠራሁበት ቀን አይከፈለኝም። የሰንጢው ዋጋ ከዚህ ጋር ሲደመር ስንት እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

ቤት ስቀመጥ ስልኬን ይዤ ስለዚህ ሰንጢ ማንበብ ጀመርኩ። ቅርጹ የታወቀ ነው፤ ኦፒኔል ይባላል። የጣሊያን ሳይሆን የፈረንሳይ ነው። ዦዜፍ ኦፒኔል የሚባል የመሣሪያ ሠሪ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1890 ሳቮዋ በሚባለው ተራራማ አገር የጀመረው የገበሬ ሰንጢ ነው። ቀላል፣ ርካሽ፣ ለሥራ የተሠራ። ለቅንጦት ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። እኔን በጣም ያበሸቀኝ ግን ቀለበቱ ነው። ያ የሚዞረው መቆለፊያ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ በእኛ 1947 ግድም መሆኑ ነው። ጣሊያን ደግሞ ከጅማ የወጣው በ1933 ነው። ታዲያ ጣሊያን ቀለበቱ ሳይፈጠር እንዴት አድርጎ ጥሎት ይሄዳል? ሰውየው የነገረኝ ታሪክ ከመሠረቱ ውሸት ነበር።

ከዚያ የገዛሁትን አውጥቼ አየሁት። እውነተኛው ስለቱ ላይ የተቀረጸ እጅ አለው፤ ሦስት ጣት የዘረጋ፣ ከላዩ ዘውድ ያለበት። የእኔው ላይ ያለው እጅ መሆኑም አይለይም፣ የተጨማለቀ ነገር ነው። እጀታው ላይ 8 ቁጥር አለ። የእውነተኛው 8 ቁጥር ስለት 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው። የእኔን በማስመሪያ ለካሁት፣ 7 ከግማሽ ወጣ። ቀለበቱ በጣት የሚጣመም ስስ ቆርቆሮ ነው። ባጭሩ ፎርጅድ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ማግኔቱስ፣ ወረቀቱስ ትሉ ይሆናል። እኔም የተሸነፍኩት በነሱ ነው። ማግኔት ማንኛውንም ተራ ብረት ይስባል፣ ሚስማርም ቢሆን። የማይዝገው የሰንጢ ብረት እንኳ ማግኔት ይይዘዋል። ስለዚህ ማግኔት ስለ ጥራት ምንም አይነግራችሁም። ወረቀትም እንደዚያው ነው። አዲስ የተሳለ ለስላሳ ብረት ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ቀርቶ ጸጉርም ይላጫል። ልዩነቱ ያለው ብረቱ በእሳት ግሎ፣ ተነክሮ፣ በደንብ መጠንከሩ ላይ ነው። ያልጠነከረ ብረት ጆንያ ሲነካ ጠርዙ ይጠቀለላል። ይሄ ደግሞ ገበያ ላይ አይታይም፤ ሥራ ላይ ነው የሚታየው። ሞረድ ያለው ሰው ግን ወዲያው ማወቅ ይችላል። ጥሩ የጠነከረ ስለት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል። የእኔን ሞረዱ እንደ እርሳስ በላው።

«አይዝግም» የሚለውንም አትመኑ። ኦሪጅናሉ ራሱ ሁለት ዓይነት አለው። የማይዝገው ላይ «ኢኖክስ» የሚል ቃል በላቲን ፊደል ተጽፎበታል። የካርቦን ብረቱ ግን እርጥብ ካስቀመጡት ይዝጋል፤ ጠርጎ ማድረቅና ዘይት ጠብ ማድረግ ይፈልጋል። ጥፋት አይደለም፣ ጠባዩ ነው። የካርቦኑን ይዞ አይዝግም የሚላችሁ ሻጭ ግን ወይ አያውቅም፣ ወይ እየዋሸ ነው።

ያችን የ150 ብሯን ሰንጢ አላጣጥልም። ብርቱካን ለመላጥ፣ ፌስታል ለመክፈት ትበቃለች። ዋጋዋም እውነተኛ ነው። መቆለፊያ እንደሌላት ዓይናችሁ እያየ ስለምትገዙ ተጠንቅቃችሁ ትይዟታላችሁ። አደገኛው ይቆልፋል ተብሎ የማይቆልፈው ነው። ለማንኛውም፣ የሚታጠፍ ሰንጢ የትኛውም ቢሆን በጫፉ አትውጉበት፣ በጀርባው አትፈልቅቁበት። እኔ ቀለበቱን አምኜ ይሄን ረሳሁ።

ወደ ሥራ ስመለስ ሚዛን ላይ የሚሠሩት ጋሼ ጣቴን አይተው «አብሽር፣ ይድናል» አሉና ወገባቸው ላይ ያለውን አሳዩኝ። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ አጭር ቢላዋ ነው። አይታጠፍም፣ በቆዳ አፎት ይገባል። ስንት ዓመት እንደያዙት ስጠይቃቸው «አንተ ሳትቀጠር ነው» አሉኝ። እኔም ብረት ሠሪ ዘንድ ሄጄ በ400 ብር አሠራሁ። ባሌስትራ በደንብ የሚጠነክር ብረት ነው፣ ሠሪው በትክክል ከነከረው ስለት ይይዛል። ካሠራሁት ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፣ አንዴ ብቻ ነው የሳልኩት። አንድ ችግር አለው፤ ኪስ አይገባም። ፍተሻ ባለበት በር፣ ባንክም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ስለት ይዞ መግባት ጣጣ ነው። እኔ ማታ መጋዘን ውስጥ ቆልፌበት ነው የምወጣው።

ሰውየውን ባለፈው ሐሙስ ፈልጌ አገኘሁት። ገንዘቤን መልስልኝ ስለው አላውቅህም አለኝ። ደረሰኝ የለኝም፣ ምን ላድርግ። ጨርቁ ውስጥ ገና አራት ቀርተውታል፤ ከእኔ ቀጥሎ የመጣውን ልጅም ያንኑ የጣሊያን ታሪክ ሲነግረው ሰማሁ። ልጁን እጁን ይዤ ጣቴን አሳየሁት፣ ትቶት ሄደ።

በሚቀጥለው ሐሙስ የምትወጡ ካላችሁ፣ እንደዚህ ያለ ሰንጢ ሲያሳዩአችሁ ከፍታችሁ ቀለበቱን አዙሩት። ጣታችሁን ከስለቱ መንገድ አውጡና ጀርባውን እንጨት ላይ ቀስ እያላችሁ ተጫኑት። ቀለበቱ ከተነቃነቀ መልሳችሁ ስጡት። ሻጩ መሞከር ከከለከላችሁም አትከራከሩ፣ እለፉት።