አንድ የቢዝነስ መጽሐፍ ብቻ ብትገዙ የቱን?

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች ጋ ቆማችሁ «ስለ ቢዝነስ ምን አለ?» በሉ። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ሪች ዳድ አለ!»

ልጁ አይፈረድበትም፤ ቶሎ የሚሸጥለት እሱ ነው። ግን ሱቅ ለመክፈት ለሚያስብና ከከፈተ ሦስት ዓመት ለሆነው ሰው አንድ ዓይነት መጽሐፍ አይሆንም። እኔ አራት አነጻጽሬያለሁ።

ከዚሁ ከታወቀው ልጀምር። የሮበርት ኪዮሳኪ «ሪች ዳድ ፑር ዳድ» እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ነው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ኪሳችሁ ገንዘብ የሚያስገባ ነገር ሀብት ነው፣ ከኪሳችሁ የሚያወጣ ዕዳ ነው። የምትኖሩበት ቤት ሳይቀር ዕዳ ነው ይላል። ለማንቃት ጥሩ ነው። ምክሩ ግን የቆመው አሜሪካ የቤት ገበያ ላይ ነው። እኛ ጋ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ በሊዝ ነው የሚያዘው። መኪናም ቢሆን አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ዓመት ተነድቶ ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ አይተናል። ይሄን ተዋሱት። የሌለው ሰው የለም።

ገና ሐሳብ ላይ ላላችሁ የኤሪክ ሪስ «ዘ ሊን ስታርትአፕ» ይሻላል፣ 2011 የወጣው። ሪስና ባልደረቦቹ ስድስት ወር ለፍተው የሠሩትን ሶፍትዌር ሰው አውርዶ ሊሞክረው እንኳ አልፈለገም። ከዚያ የተማረውን ነው የጻፈው፦ ብዙ ሳታወጡ በትንሹ ሞክሩ። ጫማ በኢንተርኔት የሚሸጠውን የዛፖስን ኩባንያ መሥራች ታሪክም ያነሳል። ሰውየው ጫማ ቤት እየገባ ጫማ ፎቶ ያነሳል፣ ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋል፣ ገዢ ሲመጣ ሄዶ ገዝቶ ይልካል። እዚህ ጋ ሳቄ መጣ። መርካቶ ገብታ ጫማ ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ የምትለጥፍ ልጅ ሁላችንም እናውቃለን፤ መጽሐፉን ሳታነብ ነው የምትሠራው። መጽሐፉ የሚጨምርላት ቆጠራውን ነው። ቻናሏ አሥር ሺህ ሰው ቢኖረው ምንም ማለት አይደለም። ስንቱ ገዛ? ስንቱ ተመልሶ መጣ? ጉድለቱ፣ አብዛኛው ምሳሌ ከሶፍትዌር ዓለም መሆኑ ነው። ዳቦ ቤት ልትከፍቱ ከሆነ ምድጃውን «በትንሹ» መግዛት አይቻልም።

ሥራ ላይ ያላችሁ ግን ገንዘባችሁን የማይክል ገርበር «ዘ ኢ ሚዝ ሪቪዚትድ» ላይ አውጡ (1995)። ሳራ የምትባል ፓይ ጋጋሪ አለች። እጇ የተባረከ ነው፣ ሱቋ ግን ሊገድላት ነው። ትጋግራለች፣ ታጥባለች፣ ሒሳብ ትይዛለች። የገርበር ነገር ይሄው ነው፦ ጥሩ ባለሙያ መሆንና ሥራ መምራት ለየቅል ናቸው። ባሬስታው የቀረ ቀን ማኪያቶው ጣዕሙ የሚጠፋ ካፌ ታውቁ የለ? ቤቱ የባለቤቱ ሳይሆን የባሬስታው ነው ማለት ነው። እኛ «ሙያ በልብ ነው» እንላለን፤ ገርበር በወረቀት ላይ ይስፈር ባይ ነው። ስንት ግራም፣ ስንት ሴኮንድ፣ ማን ምን ይሠራል። አጻጻፉ ይንዛዛል፣ ከሳራ ጋር የሚያደርገው ወሬም አንዳንዴ ይሰለቻል። ቢሆንም ከአራቱ ለትንሽ ሱቅ በቀጥታ የሚጠቅመው እሱ ነው።

«ሹ ዶግ» ሌላ ነገር ነው። የናይኪ መሥራች ፊል ናይት 2016 ያወጣው የሕይወት ታሪክ እንጂ የምክር መጽሐፍ አይደለም። ከጃፓኑ ኦኒትሱካ ጫማ እያስመጣ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ይሸጥ ነበር፣ ጎን ለጎን በሒሳብ ሠራተኝነት እየኖረ። (አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1961 ጃፓን ሲሮጥ ያደረገው የዚያኑ ፋብሪካ ጫማ ነው።) የናይኪን ምልክት በ35 ዶላር ነው ያሠራው። አስመጪ ከሆናችሁ ግን ልባችሁን የሚነካው የባንኩ ጣጣ ነው። ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ክፈቱልኝ፣ ጨምሩልኝ ይላል፤ ባንኩ ደግሞ ቶሎ አደግህ፣ በእጅህ ጥሬ ገንዘብ የለም ይለዋል። ሽያጭ እያደገ ገንዘብ የሚያጥርበትን ምክንያት እንደዚህ ያስረዳኝ መጽሐፍ የለም። ለማበረታቻ አንድ ስጦታ ከፈለጋችሁም ይሄው ነው።

ስትገዙ ግን ገልጠው ይዩ የሚባለውን አትርሱ። መንገድ ላይ ያለው ብዙው ፎቶ ኮፒ ነው። ጀርባውን ለጠጥ አድርጋችሁ ሙጫውን እዩ፣ ገጽ ቁጥሩን ተከታተሉ። እኔ «ሹ ዶግ»ን ከአንድ አዟሪ ተከራክሬ በርካሽ ወሰድኩ ብዬ ተደስቼ፣ ባንኩ ናይትን ሲያባርረው ላይ ስደርስ 16 ገጽ የለም። ቀሪውን ከጓደኛዬ ተውሼ ጨረስኩ። የሱ ሙሉ ነው። እስካሁን አልመለስኩለትም።