ሐረር ላይ ሲኒማግራፍ ማሠራት ለምትፈልጉ

ለሱቄ የቴሌግራም ቻናል የሚሆን ነገር ፈልጌ ፈረስ መጋላ አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ ፎቶ ቤት ሲኒማግራፍ አሠራሁ፣ በጣም ስለወደድኩት ነው የምጽፈው። ለማታውቁት፣ ፎቶ ነው፣ ግን ውስጡ አንድ ነገር ብቻ ሳይቋረጥ ይንቀሳቀሳል ሌላው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስሙን ያወጡለት ጄሚ ቤክ እና ኬቪን በርግ የሚባሉ ኒውዮርክ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው፣ በፈረንጆቹ 2011 የፋሽን ሳምንት ላይ የሠሩት ነው በሰፊው ያስተዋወቀው። የኢንስታግራሙ ቡመራንግ ሌላ ነው፣ እሱ ሁሉንም ነገር ወደፊት ወደኋላ ያመላልሳል።

የፎቶ ቤቱን ልጅ የወደድኩለት ገና ካሜራ ሳያወጣ "ምኑ ይንቀሳቀስ?" ብሎ መጠየቁ ነው። መኪና ግርግር ሄድን፣ ያው ሰፊዎቹ ማሽናቸውን ይዘው ግራና ቀኝ የተደረደሩበት መንገድ ነው፣ እና አንድ ሰፊ አባባን አስፈቅደን የማሽናቸውን መዘውር መረጥን። አሁን ፎቶው ላይ መዘውሩ ይዞራል፣ መርፌዋ ትወርዳለች ትወጣለች፣ የሳቸው ጣት ግን ጨርቁ ላይ እንዳረፈ ነው፣ ከኋላ የምታልፈው ሴትዮ ሻሿ ነፋስ እንዳነሳው እንደዛው ቀርቷል። ስንቴ እንዳየሁት! ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በጭራሽ አይታወቅም፣ መዘውሩ አንድ ዙር ሞልቶ እዛው ቦታ ሲመለስ ነው የሚቆረጠው አለኝ።

ሁለተኛው የዕጣን ጭስ ነው፣ ጊዲር ጋር (የሐረሪ ቤት ዋናው ሳሎን) ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ስፌቶቹ እንደተሰቀሉ። ጭስ ደሞ ያስቸግራል ምክንያቱም ተመልሶ ያው ቅርጽ አይሆንም፣ ስለዚህ የቪዲዮውን መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር ቀስ አድርጎ እያደበዘዘ ነው የሚያገናኘው። ትንሽ ልብ ብሎ ላየ መገናኛው ይታወቃል፣ እንደ መዘውሩ ንጹህ አይደለም። ግን ያምራል።

ቅሬታ ካላችሁኝ የፋይሉ ነገር ነው። መጀመሪያ የሰጡኝ በጂፍ ነበር፣ ጂፍ ደሞ በአንድ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ አይዝም፣ ያ የጁገል አረንጓዴ ግድግዳ ጥላው ያረፈበት ጋ እንደ ካርታ ተከፋፍሎ ቁጭ! በኤምፒ4 ስጡኝ ስል ወዲያው ቀየሩልኝ፣ ቀለሙም መጣ መጠኑም ቀነሰ። ቴሌግራም ራሱ ጂፍ ስትጭኑ ወደ ኤምፒ4 ነው የሚቀይረው፣ ታዲያ ከመጀመሪያው በሱ ቢሰጡ ምን ነበረበት።

ሌላው ትዕግስት ይዛችሁ ሂዱ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ነው፣ ማንም እንዲነካው አይፈልግም፣ ትንሽ ከተነቃነቀ የሚንቀሳቀሰውና የቆመው ክፍል አይገጥምም። ደመና መጥቶ ብርሃኑ ሲቀየርም እንደገና ያስጀምራል፣ ለዛ ነው ጥላ ያለበት ቦታ የሚመርጠው። አንዳንድ ሰው ይሰለቻል፣ እኔ ግን ሥራውን የሚያከብር ሰው ሳይ ደስ ይለኛል።

ዋጋው ከተራ ፎቶ ይወደዳል፣ ለሱቅ ግን ያዋጣል፣ ቻናሌ ላይ ሰው ቆም ብሎ የሚያየው እሱን ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ስለሚወጡ አታገኟቸውም፣ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ።