ሆዴን ባር ባር ሲለው የገዛሁት ፕሮባዮቲክ

ፕሮባዮቲክ ማለት ለጤና ይጠቅማሉ የሚባሉ ሕያው ባክቴሪያዎችን የያዘ ካፕሱል ነው። ብልቃጡ ላይ «ለተረጋጋ ስሜት» ይላል፣ በትልልቅ ፊደል። የገዛሁትም ለዚህ ነው። ለወራት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብንን እያልኩ ስነቃ ነበር። ሆዴን ባር ባር ይለዋል፣ ልቤ ይደልቃል። ምን እንደሚያስጨንቀኝ ግን አላውቀውም።

ብልቃጡ 60 ካፕሱል ይዟል። በቀን አንድ አንድ፣ ለ8 ሳምንት ዋጥኩ። ማታ ማታ ጭንቀቴን ከ10 ነጥብ እየሰጠሁ ደብተር ላይ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ሆዴ እየተነፋ አስቸገረኝ። ከሦስተኛው ሳምንት ወዲህ ግን የኖረብኝ ድርቀት ለቀቅ አደረገኝ። ለዚህ አመሰግናለሁ። ጭንቀቱ ከ7 ወደ 6 ወረደ። ያኔ ደግሞ አልጋ ላይ ስልክ መነካካት ትቼ ነበርና፣ ለውጡን ለካፕሱሉ ብቻ መስጠት አልችልም።

ቅር ያሰኘኝ ጽሑፉ ነው። የባክቴሪያውን ዝርያ «ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ» ብሎ ያቆማል። የትኛው ንዑስ ዝርያ? የአያቱን ስም ብቻ ነግሮ ሰውየውን ፈልጉት እንደማለት ነው። ሁለት ጊዜ ጻፍኩላቸው፤ ስሙን አልነገሩኝም። ነገሩ ደግሞ ቀላል አይደለም። በ2011 ጄቢ-1 የተባለው የዚሁ ባክቴሪያ ንዑስ ዝርያ አይጦችን ሲያረጋጋ ታየ። አንጀትንና አንጎልን የሚያገናኘው ቬገስ ነርቭ ሲቆረጥ ግን ያ ውጤት ጠፋ። በጣም ደስ የሚል ግኝት ነው! በ2017 ያንኑ ጄቢ-1 ጤነኛ ወንዶች ለ4 ሳምንት ወሰዱት፤ ባክቴሪያ ከሌለበት ባዶ ካፕሱል የተሻለ ነገር አላደረገላቸውም። በስም የሚታወቀው እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ስሙ ያልተጻፈው ምን ሊባል ነው?

ውስጥ ያለው ወረቀት ደግሞ «90 በመቶው ሴሮቶኒን የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው» ይላል። ሴሮቶኒን አንጎል ውስጥ ስሜትን የሚነካ ኬሚካል ነው። የወረቀቱ ቃል እውነት ነው። ግን የአንጀቱ ሴሮቶኒን ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ይህን አልጻፉትም። «10 ቢሊዮን ባክቴሪያ» የሚለውም ሲመረት የነበረውን ቁጥር ነው። እኔ የምፈልገው ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ በሕይወት የሚቆየውን ነው።

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ያንን ትልቅ ጽሑፍ አይታ፣ ሐኪም ያዘዘላትን የድብርት መድኃኒት ትታ ይህንን ልትጀምር ነበር። ለመንኳት። የድብርት መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና ብርቱ ጭንቀት ሊያመጣ ይችላል። ደግነቱ መጀመሪያ ሐኪሟን አናገረች። መድኃኒቷን ቀጥላለች።

ለድርቀት ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ። ለስሜት 1። ሙሉ ስሙ የተጻፈበት፣ እስከ መጨረሻው ቀን ያለውን ቁጥር የሚናገር ሌላ ካገኘሁ ለሆዴ ስል እገዛለሁ። የዚህኛው 4 ካፕሱል ቀርቶኛል፤ አልጨርሰውም።