«የጉንፋን ክትባት» ለጤነኛ ልጅ፦ ለሰሜን ሸዋ ወላጆች የተዘጋጀ ግምገማ

የዚህ ክትባት የመጀመሪያ ችግሩ ስሙ ነው። ሁሉም ሰው «የጉንፋን ክትባት» ይለዋል፤ ጉንፋንን ግን አይከላከልም። አፍንጫ የሚያዝረከርከው፣ ጉሮሮ የሚከረክረው ተራ ጉንፋን ከብዙ ዓይነት ቫይረሶች ይመጣል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በዓመት ስድስትም ስምንትም ጊዜ ቢይዘው አያስገርምም። ክትባቱ የሚሠራው ኢንፍሉዌንዛ በሚባለው በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ልጅን በድንገት ይጥላል፦ ጠዋት ሲቦርቅ የነበረው ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ 39 ይደርሳል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይቆረጥመዋል፣ ምግብ ይዘጋዋል። «ምች መታው» ተብሎ ዳማከሴ ከሚጨመቅላቸው ልጆች መካከልም ይህ የያዛቸው ይኖራሉ። ልጁን አስከትቦ በሳምንቱ ንፍጥ ሲያይ «አልሠራም» የሚል ወላጅ ያሳሳተው ስሙ ነው። እንዲህ ያለ ቅሬታ ስለሚበዛ ከሁሉ በፊት ይህን ማስቀደም ግድ ሆኗል።

በሽታው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የጨረሰው የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ኅዳርን ስናጥን የምናስበው እሱኑ ነው።

እዚህ የሚገመገመው በመርፌ የሚሰጠው ነው። በውስጡ ያለው የተገደለ ቫይረስ ቁራጭ ስለሆነ ልጁን ኢንፍሉዌንዛ ሊያስይዘው አይችልም። ባለ ሦስትና ባለ አራት ዝርያ ተብሎ ይሸጣል። ለባለ አራቱ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም፤ አራተኛው፣ ቢ ያማጋታ የሚባለው ዝርያ፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ወዲህ በዓለም ላይ ስላልታየ የዓለም ጤና ድርጅት ከክትባቱ እንዲወጣ መክሯል።

ምን ያህል ይከላከላል? ዝርያው ከተሠራጨው ቫይረስ ጋር በገጠመበት ዓመት ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ ኢንፍሉዌንዛን ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል፤ ባልገጠመበት ዓመት ከዚያም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ጥናቶች ግምገማ ደግሞ ከ2 እስከ 16 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነገሩን በሌላ መንገድ ያሳያል፦ ካልተከተቡት መቶ ልጆች 30ዎቹን ኢንፍሉዌንዛ ሲይዛቸው፣ ከተከተቡት የያዘው 11ዱን ነው። «ጉንፋን መሰል» ሕመም በጠቅላላ በተቆጠረባቸው ሌሎች ጥናቶች ግን ልዩነቱ ከመቶ 28 ወደ 20 ብቻ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ወላጁ ቤቱ የሚያየው ነው፤ ሌሎቹ ቫይረሶች እንዳሉ ናቸው። ከሁለት ዓመት በታች ላሉት በዚያ ግምገማ ውስጥ የተገኘው ማስረጃ ትንሽ ነበር፤ ይህም ሊታወቅ ይገባል።

«ልጄ ጤነኛ ነው፤ ደህናውን ልጅ ለምን አስወጋዋለሁ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አብዛኛው ጤነኛ ልጅ ኢንፍሉዌንዛ ቢይዘው በሳምንት ይነሣል። ችግሩ ማንኛው እንደማይነሣ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት 109.5 ሚሊዮን የኢንፍሉዌንዛ ሕመም እንደደረሰና እስከ 34,800 የሚሆኑ ሕፃናት ከዚሁ ጋር በተያያዘ እንደሞቱ ተገምቷል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014 በተደረገ ጥናት ክትባቱ ሌላ ሕመም በሌለባቸው ልጆች ላይ በኢንፍሉዌንዛ የመሞትን ዕድል በ65 በመቶ ቀንሷል። ስለዚህ ንፍጥን ለማስቀረት ብሎ የሚከፍል ሰው ገንዘቡን ያባክናል፤ በሳንባ ምች ሆስፒታል መተኛትን ለማራቅ የሚከፍል ግን የሚገባውን ዕቃ ገዝቷል።

ይሁንና ከዚህ ክትባት በፊት የልጁ የክትባት ካርድ ይውጣ። በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ በነጻ የሚሰጡት ለሳንባ ምች የበለጠ ዋጋ አላቸው፦ ፔንታና ፒሲቪ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ኩፍኝ በ9 እና በ15 ወር። ኢንፍሉዌንዛ ሳንባን አቁስሎ በር ይከፍታል፤ በተከፈተው በር ገብቶ ብዙ ሕፃን የሚገድለው ባክቴሪያ ነው፤ ፒሲቪና ፔንታ ደግሞ ከእነዚህ ባክቴሪያዎች ዋናዎቹን ይከላከላሉ። የ15 ወሩ ኩፍኝ ቀርቶበት ለኢንፍሉዌንዛ የሚከፈልለት ልጅ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦበታል። የኢንፍሉዌንዛው ክትባት በመንግሥት መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ ስለሌለ ከግል ክሊኒክ ይገዛል። ካርዱ የተሟላ ከሆነ ወደሚቀጥለው እንሂድ።

ክትባቱ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል፤ በመካከላቸው ቢያንስ 4 ሳምንት መኖር አለበት። የመጀመሪያው ሰውነቱን ያስተዋውቀዋል፤ በቂ መከላከያ የሚገነባው ከሁለተኛው በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት አንድ አንድ ይበቃዋል፤ ግን በየዓመቱ ነው። አብዛኛው ወላጅ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አንዱን አስወግቶ መቅረት ለአንድ ሙሉ ከፍሎ ግማሽ ይዞ እንደመሄድ ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ ወይም ከዓለም ከተማ ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁለተኛውን ጉዞ ከወዲሁ ካላሰበ አይጀምረው። ደብረ ብርሃን የሚኖር ግን የሚከለክለው የለም።

ጊዜው ሲሰላ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ መጀመር ይመረጣል፤ የሰሜን ንፍቀ ክበብ አዲሱ ክትባት የሚወጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሁለተኛው ኅዳር ላይ ይደርሳል፤ ውርጩ በርትቶ ቤተሰብ ሁሉ በሩን ዘግቶ ምድጃ ዙሪያ ሲሰበሰብ ልጁ ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

የማብቂያ ቀኑን በሚመለከት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ «06/2026» የሚለውን ሰው ስድስተኛው ወር የካቲት፣ ዓመቱም ገና ሩቅ ነው ብሎ ያነበዋል። የሚያበቃው ግን በ2018 ዓ.ም. ሰኔ 23 ቀን ነው። ይህ ክትባት በየዓመቱ ስለሚቀየር የአምናው ቀኑ ባያልፍም የዘንድሮውን አይተካም፤ ካርቶኑ ላይ የየትኛው ወቅት እንደሆነ አብሮ ተጽፏል፤ ሁለቱንም ራሳችሁ አንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ቅዝቃዜው። ክትባቱ ከፋብሪካ እስከ ልጁ ጭን ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቆየት አለበት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች «የአገሩ ብርድ ይበቃዋል» የሚል ግምት ይሰማል፤ ግምቱ በሁለቱም በኩል ስሕተት ነው። ፀሐይ የወጣችበት ቀን ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ከ8 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ደግሞ ውርጩ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ነገሩ ይብሳል፤ ጣርማ በር ላይ ያንቀጠቀጠው መኪና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቆላ ውስጥ ነው።

ሙቀት ክትባቱን ቀስ በቀስ ያደክመዋል። መቀዝቀዝ አልፎ መርጋት ግን ወዲያው ያበላሸዋል፤ የረጋ ክትባት ቀልጦ ቢመለስም አይሰጥም፣ ይጣላል። አስቸጋሪው በዓይን አለመለየቱ ነው። የጤና ባለሙያዎች ፔንታና ፒሲቪ ረግተው እንደሆነ ብልቃጡን ነቅንቀው፣ አዘቅዝቀው፣ ዝቃጩን አይተው ይለያሉ፤ ያ ሙከራ የሚሠራው አሉሚኒየም ላለባቸው ክትባቶች ነው። በተለመደው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ውስጥ አሉሚኒየም ስለሌለ ነቅንቀው ምንም አያዩም። በብልቃጥ ላይ የሚለጠፈው ቀለሙን የሚቀይር ምልክትም የሚያሳየው ሙቀትን እንጂ መርጋትን አይደለም፤ በአንድ ልክ ስሪንጅ በሚመጣው ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክቱ ራሱ የለም። ስለዚህ የሚታመነው ዕቃው ሳይሆን ያስቀመጠው ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ክትባት በቦርሳ ማምጣት፣ በረዶ የሆነ የውኃ ላስቲክ አጠገቡ አድርጎ በፌስታል መጠቅለል፣ ከሁሉም የከፋው አማራጭ ነው። በረዶው የነካው ስሪንጅ መንገድ ላይ ይረጋል፤ በረዶው ሲያልቅ የቀረው ይሞቃል። በቫክሲን ካሪየር (ክትባት በሚጓጓዝበት የቅዝቃዜ ሳጥን) ቢመጣ እንኳ አይስ ፓኩ፣ ማለትም በረዶ የሆነው የውኃ መያዣ፣ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ አይገባም፤ ላዩ እስኪያልበውና ሲነቀንቁት ውስጡ ውኃ ሲንቦጫቦጭ እስኪሰማ ይጠበቃል። ከዚህ ሁሉ ልጁን ይዞ ክትባቱ ወዳለበት መሄድ ይሻላል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ ክሊኒክ በትእዛዝ ካስመጣ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ፍሪጁን አሳዩን በሉ። ማፈር አያስፈልግም፤ በሥራው የሚተማመን ባለሙያ ደስ ብሎት ያሳያል። ውስጡ ቴርሞሜትር ወይም ፍሪጅ ታግ (ሙቀቱን ራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ) አለ? ሙቀቱ በዓልን ጨምሮ ጠዋትና ማታ ተመዝግቧል? ክትባቱ የተቀመጠው መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ነው ወይስ በሩ ላይ፣ ወይም ከማቀዝቀዣው ግድግዳ ተጠግቶ? ለስላሳና ምሳ ዕቃ አብሮ ካለ በሩ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት መገመት አያዳግትም። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ፤ «ቶሎ ይመጣል» የሚል መልስ በቂ አይደለም።

መርፌው ሲሰጥም ዓይናችሁ አይራቅ። ስሪንጁ ይነቀነቃል። ገና በደንብ ለማይራመድ ሕፃን ቦታው የጭኑ መካከለኛ ክፍል ላይ ወደ ውጭ ያለው ጡንቻ ነው፤ ከፍ ላለው የትከሻው ጡንቻ። መቀመጫ ላይ አይወጋም፤ እዚያ ነርቭ አለ፣ ስቡም ክትባቱን ያስቀረዋል። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ እግሩ ተይዞ፣ ጡት እየጠባ ቢወጋ ለቅሶው ያጥራል። መጠኑ በአብዛኛው 0.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከ3 ዓመት በታች 0.25 የሚሰጥባቸው አንዳንድ ዓይነቶች አሉ፣ ስለዚህ ከካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ይነበብ። አንዱን 0.5 ስሪንጅ ለወንድምና ለእህት ማካፈል ግን በምንም መንገድ አይሆንም፤ መጠኑ ይጎድላል፣ በአንድ መርፌ ደም ለደም ይነካካሉ። ቀለል ያለ ጉንፋን ያለበት ልጅ ሊከተብ ይችላል፤ ኃይለኛ ትኩሳት ካለው ይቆይ። ከዚህ በፊት በዚሁ ክትባት ከባድ አለርጂ የታየበት አይወስድም። የእንቁላል አለርጂ ግን በአሁኑ መመሪያ አይከለክልም።

በኋላ የሚመጣው የተወጋው ቦታ ሕመም፣ አንድ ሁለት ቀን ትኩሳትና መነጫነጭ ነው። ፓራሲታሞል ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም በኪሎ ይሰጣል፤ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም ካለው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር በአንድ ጊዜ ይበቃዋል፣ በ24 ሰዓት ከአራት ጊዜ አይበልጥም። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥ። ስለ ጉዳት የሚወራው ከባዶ የተነሣ አይደለምና በግልጽ ይነገር፦ እ.ኤ.አ. በ2010 አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ዓይነት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በትንንሽ ልጆች ላይ የትኩሳት መንቀጥቀጥ ስላበዛ ከአምስት ዓመት በታች ላሉት እንዳይሰጥ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2009 ወረርሽኝ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ የተሰጠ ሌላ ክትባትም ናርኮሌፕሲ ከሚባል የእንቅልፍ ሕመም ጋር ተያይዟል፤ ያ ክትባት አሁን አገልግሎት ላይ የለም። ሁለቱንም ያጋለጠው ክትባቶችን ከተሰጡ በኋላ የሚከታተለው ሥርዓት ራሱ ነው።

ለማን እንመክራለን? ደብረ ብርሃን፣ ሸኖ ወይም ጫጫ ለሚኖር፣ ካርዱ ለተሟላ፣ ሁለቱንም መርፌ ለሚችል፣ በተለይም ልጁን መዋያ ለሚያውል ወይም አራስ ላለበት ቤተሰብ፣ አዎ። ገንዘቡ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ከሆነና በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች ቅድሚያው የእሷ ነው፤ እሷ ስትከተብ መከላከያው ወደ ጽንሱ ያልፋል፣ መከተብ የማይችልባቸውን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ይሸፍንለታል። ገንዘቡ ጭራሽ ለማይበቃውም ብዙ የሚሠራ አለ። በመንዝ የድንጋይ ቤትም ሆነ በአንኮበር ጎጆ ኩበት ሲጨስ ሕፃኑን ከምድጃው ማራቅ፣ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባት፣ የታመመ ሰው ሕፃን እንዳይስም ማድረግ ሳንባውን ይጠብቃሉ። ጉሮሮውን ላመመው ልጅ እንጥል ማስቆረጥ ግን ደም መፍሰስና ቁስል ያተርፋል እንጂ ምንም አያድንም።

የተከተበም ቢሆን ሲያስለው ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እዩ። ሳያለቅስ፣ በተኛበት፣ ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ይዛችሁ አተነፋፈሱን ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ሲቀሰቅሱት ካልነቃ ሌሊትም ቢሆን ለነገ አይደር።