«በ21 ቀን ድልድይ» ለሚሏችሁ ብር እንዳትልኩ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን አካባቢ ያላችሁ በተለይ ይህን አንብቡልኝ። ሰሞኑን ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ «ጀማሪ ብትሆኑም በ21 ቀን ሙሉ ድልድይ ትሠራላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ይዞራል። ድልድይ የሚሉት በጀርባ ተኝቶ፣ መዳፍን ከጆሮ አጠገብ መሬት ላይ አስደግፎ፣ በእጅና በእግር ሰውነትን እንደ ቅስት ማንሳት ነው። እኔ ከፍያለሁ፤ 9,600 ብር። በምትኩ ያገኘሁት ለሁለት ሳምንት ካልሲ ጎንበስ ብዬ ማጥለቅ ያቃተኝን ወገብ ነው።

የሥልጠና ቤቱን ስም አልጠራም። ነገ ስሙን ቀይሮ ሌላ ብሎክ ስር ሊከፍት ይችላል፣ ስሙን ማወቃችሁ ያኔ አይጠቅማችሁም። አሠራሩን ነው የምነግራችሁ።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ከኮዬ ሜክሲኮ እስክደርስ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢሮ ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ፣ ማታ እንደገና አውቶቡስ። ቤት ስገባ ደግሞ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ መሬት ላይ ይጠብቀኛል። ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ጎንበስ እንጂ ወደ ኋላ ቀለስ የምልበት ደቂቃ የለኝም። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ እንደ ልምጭ ስትለመጥ ሳያት ቀናሁ፣ አልዋሽም።

ደወልኩ። የሦስት ወር ቅድመ ክፍያ 6,000 ብር፣ «የጀርባ መዘርጊያ» የሚሉት እሾሃም የፕላስቲክ ቅስት ደግሞ 3,600 ብር፣ እሱም በግዴታ ነው፤ ያለሱ አይመዘግቡም። «21 ቀን ካላችሁ የሦስት ወር ለምን አስቀድሜ እከፍላለሁ?» ስል ጠየቅኩ። «ቀሪው ለማጽናት ነው እህቴ» አለኝ። አንድ ቀን ሞክሬ ልወስን ስለው ቅናሹ ዛሬ ማታ ያልቃል ተባልኩ። ሥራዬ የሰው ደረሰኝ መመርመር ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ምሽት በቴሌብር ወደ አንድ ግለሰብ ስም ላክሁት። የተሰጠኝ ወረቀት ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ካርኒ ነው፤ ማህተም አለው፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም። ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። ያንን ያነበብኩት ከታመምኩ በኋላ ነው።

ፕላስቲኩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በዚያው ሳምንት የቢሮ ባልደረባዬ መርካቶ ያንኑ ዕቃ፣ ያንኑ ካርቶን፣ በ900 ብር ገዝታ መጣች።

ሥልጠናው ኮሚናል ህንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ሴራሚክ ወለል ላይ ስስ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የኮዬን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሃያ ሁለት ሰው፣ አንድ አሰልጣኝ። ማናችንንም ወገብሽን አሞሽ ያውቃል ወይ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ፣ ቀዶ ሕክምና አድርገሻል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። መጀመሪያ የተደረገው ፎቶ ነው። ገና ጃኬታችንን አውልቀን ሳንጨርስ፣ ሰውነታችን እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኖ ሳለ፣ አንድ በአንድ ድልድይ ሞክሩ ተባልን፤ ማንም አልተነሳም፤ ፎቶው ተነሳ። «የመጀመሪያ ቀን» የሚል ተጻፈበት።

በሰባተኛው ቀን ሁለተኛው ፎቶ ሆነ። አሁን ግን አርባ ደቂቃ ዘለን፣ ላብ በላብ ሆነን ነው። መዳፋችንንም ያሳረፍነው መሬት ላይ ሳይሆን ጉልበት የሚያክል ከፍታ ያለው የእንጨት ሳጥን ላይ ነው። እጅ ከፍ ሲል ከትከሻም ከወገብም የሚጠየቀው መታጠፍ ይቀንሳል፤ ሳጥኑ በራሱ ለጀማሪ ጥሩ ዘዴ ነው። ጉዱ ያለው ፎቶው ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ ሳጥኑ ተቆርጦ ወጥቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩዋቸው ተአምር ይመስላሉ። በአንዱ ብርድ የያዘው ሰው አለ፣ በሌላው የሞቀው፤ ጀርባው ያው የመጀመሪያው ቀን ጀርባ ነው።

ዘጠነኛው ቀን ላይ አሰልጣኙ «ቀኑ እየሄደ ነው፣ ዛሬ መነሳት አለብሽ» አለኝ። በጀርባዬ ተኛሁ፣ መዳፌን ከጆሮዬ አጠገብ አደረግኩ። ከጭንቅላቴ በላይ እግሩን አንፈራጦ ቆመና እጁን ከትከሻዬ ስር ሰደደ። «እችላለሁ ብዬ አላስብም» አልኩት። «ፍርሃት ነው እህቴ፣ ተንፍሺ፣ አንድ፣ ሁለት» ብሎ ሳብ አደረገኝ። ከሱሪዬ መታጠቂያ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በግራ በኩል፣ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ያለ ነገር ተሰማኝ። ከዚያ ሙቀት። «ተከፈተልሽ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰውም አጨበጨበ። ፎቶው እስካሁን ገጻቸው ላይ አለ። ፈገግ ያልኩ እመስላለሁ፤ ሰው ተዘቅዝቆ ጥርሱን ሲነክስ እንደዚያ ነው የሚታየው።

የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለም። እያንዳንዱን ደረጃ መደገፊያውን በሁለት እጄ ይዤ ወጣሁ። ጎረቤቴ እማማ «ወጌሻ ልጥራልሽ፣ አንድ ጊዜ ቢጎትትሽ ይመለሳል» አሉ። ደግነታቸው አይረሳኝም፤ ግን በመጎተት የመጣን ነገር በመጎተት ላስመልሰው አልደፈርኩም። በማግስቱ ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ።

ባለሙያው ተረጋግቶ መረመረኝ፤ እግሬን አንስቶ፣ የእግር ጣቶቼን ጉልበት ፈትኖ፣ የሚደነዝዘኝ ቦታ ካለ ጠይቆ፣ ነርቭ እንዳልተነካ ነገረኝ። ራጅ አላዘዘም። ጡንቻና መገጣጠሚያው ከአቅሙ በላይ ተወጥሯል፣ ቀስ እያልሽ እየተንቀሳቀስሽ ይድናል፣ ተኝተሽ ግን አትዋይ አለኝ። እኔ ግን የተከራከርኩት ሌላ ነገር ነው፤ እንዴት ሌሎቹ ተሳቡና ምንም አልሆኑም? ጥግ ላይ የነበረውን የውሃ ጎማ አነሳ፤ ውሃ ስንቀዳ የምንጎትተው ዓይነት። ሰፋ አድርጎ ሲያጎብጠው ቅስት ሠራ። አንድ ቦታ ላይ ሲጫነው እዚያው ተሰብሮ ታጠፈ። «ያንቺ እንዲህ ነው የታጠፈው» አለኝ።

በደረት በኩል ያሉት 12 የአከርካሪ አጥንቶች ከጎድን አጥንት ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ወደ ኋላ ብዙ አይሄዱም። ከነሱ በታች ያሉት 5 የወገብ አጥንቶች ይህ ማሰሪያ የለባቸውም። ጀማሪ ሲገፋ ደረቱና ትከሻው እምቢ ይላሉ፣ መታጠፉ ሁሉ እነዚያ አምስቱ ላይ፣ ከነሱም ታችኞቹ ላይ ይወድቃል። አስተኝቶ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርጊ አለኝ፤ ክንዴ መሬት አልነካም። ቀን ሙሉ ከመቀመጥ የተነሳ የጭኔ ፊት፣ ከዳሌ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለው ጡንቻም አጥሯል፤ ቆሜ እንኳ ዳሌዬን ወደ ፊት ይጎትተዋል። ትከሻና ዳሌ ያልከፈሉትን ሂሳብ ወገቤ ከፈለው ማለት ነው። በኔ ሙያ ይህ በደንብ ይገባል።

ቤት መጥቼ ሳሰላው ነገሩ ተገጣጠመልኝ። ዕቃው ውድ መሆኑ ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ችግር ቀን መሸጣቸው ነው። ሰውየው 21 ብሎ ቃል ገብቷል፤ የኔ ትከሻ ስንት ቀን እንደሚፈልግ አያውቅም፣ አልለካውም። ዘጠነኛው ቀን ሲደርስ ያለው አማራጭ ማስታወቂያውን መሸርሸር ወይም እኔን መሳብ ነው። ማን ቀን ቆርጦ ቢሸጥላችሁ መጨረሻው እዚያ ነው፣ ሰውየው ክፉ ባይሆን እንኳ። ክፉ አይመስለኝም፤ ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሲያጨበጭብ የምር ደስ ብሎት ነበር። የአክስቴ ልጅ ከልጅነቱ ሰርከስ ሠርቷል፤ ነገሩን ስነግረው «21 ቀን? እኛ እኮ 21 ቀን ሙሉ የሠራነው ማሟሟቂያ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ያልሳቅኩበትን ልንገራችሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ አለች። ተለማጭ ስለሆነች ማስታወቂያው ላይ የምትወጣው እሷ ናት። «ወደ ኋላ ስታጠፍ ብቻ ወገቤን ይወጋኛል» ስትል ሰምቻታለሁ፤ «ይለመዳል» ተባለች። ወላጆች፣ በማደግ ላይ ባለ ልጅ ወገብን ወደ ኋላ ደጋግሞ ማጠፍ የታችኛው አከርካሪ ላይ ስንጥቅ ሊያመጣ ይችላል፤ ጂምናስቲክ የሚሠሩ ልጆች ላይ የታወቀ ጉዳት ነው። ልጃችሁ ወደ ኋላ ስትታጠፍ የሚያማት ከሆነ ሥልጠናውን አስቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። የልጅቷን እናት አግኝቼ ነግሬያታለሁ፤ አልወደደችልኝም፣ ልጇ ቲክቶክ ላይ ታዋቂ ሆናለች።

ለአዋቂውም፣ ሲለጠጥ የሚሰማ መወጠር ደህና ነው። የሚወጋ ሕመም፣ ወደ እግር የሚወርድ ንዝረት ወይም መደንዘዝ ግን የማቆሚያ ምልክት ነው። ከጉዳት በኋላ መቀመጫ ላይና በሁለቱ እግሮች መሐል መደንዘዝ፣ ሽንት መከልከል ወይም ማምለጥ ከመጣ ነገን አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አሁን የምሠራውን ስትጠይቁኝ ሰንብታችኋል። በነጻ ነው። ሕመሙ ከለቀቀኝ በኋላ ባለሙያው ያሳየኝ ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥቼ እወርዳለሁ፣ ያ ማሟሟቂያዬ ነው። በእጅና በጉልበት ተንበርክኬ ጀርባዬን እንደ ድመት አጎብጣለሁ፣ መልሼ አሰረጉዳለሁ። ከዚያ አንድ ጉልበቴን ትራስ ላይ አድርጌ፣ ሌላውን እግሬን ወደ ፊት አውጥቼ፣ የመቀመጫ ጡንቻዬን ጭምቅ አድርጌ ሠላሳ ሰከንድ እቆያለሁ፤ የጭኔ ፊት የሚለቀው በዚህ ነው። ቀጥሎ ጋቢዬን ጠቅልዬ፣ የጡት ማስያዣ መታጠቂያ በሚያርፍበት ልክ፣ ከጀርባዬ ስር አግድም አድርጌ እተኛበታለሁ፤ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ አንድ ሁለት ደቂቃ እተነፍሳለሁ። ከወገብ ስር እንዳታደርጉት፤ የፈለግነው ደረቱ እንዲከፈት ነው። በሆዴ ተኝቼ በክርኔ ተደግፌ ደረቴን አነሳለሁ። በመጨረሻ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ትከሻዬ መሬት ላይ እንዳለ፣ ዳሌዬን ብቻ አሥር ጊዜ አነሳለሁ። ይህ ነው የጀማሪ ድልድይ። ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው፤ ክንዴ መሬት ለመንካት ሁለት ጣት ያህል ይቀረዋል። ጋቢው 3,600 ብር የከፈልኩበትን ፕላስቲክ ሥራ አስፈትቶታል።

ብሩን ለማስመለስ ስሄድ «ካርኒው ጀርባ ያለውን አላነበብሽም?» አለኝ። አልተጨቃጨቅኩም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ተቆርጦ የተለጠፈ ፎቶ ትክክለኛ መረጃ አይደለም። ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ አመለከትኩ። መጀመሪያ የተጠየቅኩት ማስረጃ ነው፤ የቴሌብር መልእክቱን፣ ካርኒውን፣ የማስታወቂያውን ስክሪንሾት አቀረብኩ። ልብ በሉ፣ ማስታወቂያውን እኔ ካመለከትኩ በሦስተኛው ቀን አጥፍተውታል፤ ስክሪንሾት ባልይዝ ባዶ እጄን ነበርኩ። የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ የቤቱን ንግድ ፈቃድ መዝገብ ላይ ሲያየው የተሰጠው ለስፖርት ዕቃ ችርቻሮ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ንግድ ፈቃድ ጠጋ ብላችሁ ዘርፉን አንብቡ፣ ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣ ደረሰኝ ጠይቁ፣ በወር በወር ልክፈል በሉ። በወር አንቀበልም ካሉ ሁለተኛው ወር ላይ እንደማትገኙ ያውቃሉ ማለት ነው።

ቀጠሮዬ የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ከዚያው ቤት የተመዘገባችሁ ሃያ አንዳችሁ፣ የቴሌብር መልእክታችሁን እንዳታጠፉ፤ መምጣት የምትችሉ ካርኒያችሁን ይዛችሁ ወረዳው በር ላይ 2 ሰዓት ተኩል እንገናኝ። ወንበር ላይ ብዙ መቀመጥ ስለማልችል ቆሜ ነው የምጠብቃችሁ።