ድንጋዮቹን በእንቁላል ካርቶን የሚያስተኛው የወገል ጤናው ኦፓል ቆራጭ

የብር ቀለበት ነው የምሠራው። ሱቅ የለኝም። ሳሎኔ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ በቃ። ፈርጡን ከሰው እገዛለሁ፣ ብሩን ራሴ እሠራለሁ። በኦፓል፣ በዚያ ውስጡ ቀለም በሚጫወትበት ፈርጥ የተነሳ ከደንበኛ ጋር ስንቴ እንደተኳረፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ የምጽፈው ከዚያ ጣጣ ስላወጣኝ አንድ ልጅ ነው። ወሎ ውስጥ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና ነው ያለው። ራሱ ይቆፍራል፣ ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ይሸጣል። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ "ስልኬ አያስተኛኝም" ብሎ። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ።

መጀመሪያ ጣጣውን ላውራችሁ። እዚሁ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ስድስት ኦፓል ገዛሁ። የሱቁ ስም ይቅር። ጥሬዎቹ ድንጋዮች ውሃ በሞላ ጠርሙስ ውስጥ ነበሩ፤ ሲያዩዋቸው ያስጎመጃሉ። "ምረጪ፣ በሦስት ቀን ቆርጠን እናስረክባለን" አሉኝ። እውነትም በሦስት ቀን አስረከቡኝ። ደስ ብሎኝ ስድስቱንም ቀለበት ላይ አሰርኳቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ አንዷ ደንበኛዬ ቀለበቷን በሶፍት ጠቅልላ መጣች። ድንጋዩ ፊቱ ላይ የሸረሪት ድር አድርቶበታል። በጥፍር ሲነኩት ምንም የለም፣ ወደ መስኮት ዞር ሲያደርጉት ግን ስንጥቅ ብቻ ነው። ከስድስቱ አራቱ እንዲህ ሆኑ። ሱቁ ሄጄ ብነግራቸው "ደንበኛሽ ጥላው ይሆናል" አሉኝ። አራቱንም ጥለዋቸው!

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። ኦፓል ውስጡ ውሃ አለ። ብዙ ጊዜ ከመቶ ከ3 እስከ 10 እጁ ውሃ ነው። ከጉድጓድ የወጣ ሰሞን እርጥብ ነው፣ ያምራል፣ ስንጥቅም ቢኖረው አይታይም። በእርጥቡ ቆርጦ ለሸጠ ሰው ገንዘቡ ቶሎ ይገባለታል። ድንጋዩ የሚደርቀው ግን በገዢው ጣት ላይ ነው። ሲሰነጠቅም እዚያው ነው።

ከመንዝ በኩል የሚመጣውን የመዘዞን ኦፓል የሚያስታውስ ካለ ይሄን ታሪክ ያውቀዋል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገበያ ላይ የወጣው ቡናማው ድንጋይ ነው። ቆንጆ ነበር፣ ግን ብዙው እየተሰነጠቀ የኢትዮጵያን ኦፓል ስም አጠፋው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የደላንታው፣ የወገል ጤናው ሲገኝ ነው ስሙ የታደሰው። የደላንታው ባብዛኛው ይጸናል። "ባብዛኛው" የምትለዋን ቃል ግን አትርሷት፤ የዚህ ልጅ ሥራ በሙሉ እሷ ላይ ነው ያለው።

ቤቱ የሄድኩት አንድ ጊዜ ነው፣ በ2012 (በእኛ አቆጣጠር) ኅዳር ላይ። ከዚያ ወዲህ መንገዱም አገሩም እንዳያችሁት ነው፤ በቴሌግራም ነው የምንገናኘው። ወገል ጤና ኅዳር ላይ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ማስታወቂያ የለው፣ ስም የለው፣ አንድ የቆርቆሮ በር ነው። ስገባ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ የእንቁላል ካርቶን። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው አለ አይደል? እሱ። እንቁላል በሚቀመጥበት በእያንዳንዱ ጎድጓዳ ውስጥ አንድ ድንጋይ፣ ከሥሩ የታጠፈች ወረቀት። ወረቀቷ ላይ ቀን። "ሰኔ 4"። "ሐምሌ 21"። አንዳንዷ ላይ ደግሞ የወጣበት ዋሻ ምልክት።

"ይሄ ሁሉ መቼ ነው የሚቆረጠው?" አልኩት።

"ሲደርስ ነዋ እታለም" አለኝ። "ገና ተኝቷል።"

ስድስት ወር ያስተኛዋል። ፀሐይ አያሳየውም፣ ከምድጃ ያርቀዋል። የሚሰነጠቀው እዚያው ካርቶኑ ላይ ይሰነጠቃል፤ ያን ለይቶ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይጥለዋል። ቆርቆሮው ግማሽ ደርሷል። የሁሉም ሰው ድካም ነው ያ። ኦፓሉ ያለበት ንጣፍ ከደጋው አፋፍ ወደ ገደሉ 350 ሜትር ያህል ወርዶ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ሜትር አይሞላም። ያንን ቀጭን ንጣፍ እየተከተሉ በዶማና በመሮ ወደ ውስጥ መግባት ነው። ዋሻ ተደርምሶ ሰው የሚቀርበት ሥራ ነው። እዚያ ገብቶ ያወጣውን ድንጋይ ስድስት ወር ጠብቆ ቆርቆሮ ውስጥ መጣል ሆድ ይጠይቃል።

ቆረጣውን አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ ድንጋዩን ደረቅ እንዳለ በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጠ አየው፤ እሳቱ፣ ማለትም ውስጡ የሚጫወተው ቀለም፣ በየት በኩል እንደሚነሳ። ከዚያ በእርሳስ ምልክት አደረገ። እስክሪብቶ ላቀብለው ስል ሳቀብኝ። የደላንታ ኦፓል ይጠጣል። ቀለም ቢነካው ውስጡ ይገባል፣ አይወጣም። ለዚህ ነው በእርሳስ የሚሠራው። ሌላም ችግር አለ፤ መፍጫው በውሃ ነው የሚሠራው። ያለ ውሃ ድንጋዩ ይግላል፣ አቧራውም ሳንባ ይበላል። ውሃ ሲነካው ግን ድንጋዩ እየጠጣ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ቀለሙም ይሰወራል። ስለዚህ ምስማር ጫፍ ላይ ለጥፎ የሚቆርጠው የማያየውን ነገር ነው። ያቺን የእርሳስ መስመርና የእጁን ትዝታ ይዞ። ከሻካራው የ600 ዲስክ ጀምሮ ወደ ለስላሳዎቹ፣ ወደ 1,200፣ ወደ 3,000 እያለ ያለሰልሳል። ጨርሶ እንደማየት፣ ቅርጹ ሲወጣ መልሶ ካርቶኑ ላይ ያስተኛዋል። ሁለት ሳምንት። ያኔም ካልተሰነጠቀ ነው የመጨረሻው ማንጸባረቅ።

ያን ቀን መብራት ሦስት ጊዜ ሄደ። ሲሄድ ተነስቶ ቡና አፈላልኝ። መብራቱ ሲመጣ ቡናው አልወረደም ነበርና መብራቱ ጠበቀ።

ስለ መጠጣቱ ካነሳሁ አይቀር፣ ይቺን ካልነገርኳችሁ አይሆንም። ከእሱ ድንጋይ የሠራሁትን የመጀመሪያ ቀለበት የገዙኝ አንዲት እናት ናቸው። በሳምንቱ ደወሉ። ድምፃቸው ተቀይሯል። "ልጄ፣ ድንጋዬን ቀየርሽብኝ እንዴ?" ለካስ ልብስ ሲያጥቡ ውለው ቀለሙ ጠፍቶባቸዋል። ቢጫማ ጄሊ መስሏል ይላሉ። "እማዬ፣ ሁለት ቀን ከውሃ ያርቁትና መልሰው ይደውሉልኝ" አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ደወሉ፤ አረንጓዴውም ቀዩም ተመልሷል። "ጉድ ነው! እፍረቴን!" አሉ። አሁን ለጎረቤት ትርኢት ያሳዩበታል መሰለኝ፣ ብርጭቆ ውስጥ እየነከሩ። እኔ ግን ይሄን አልመክርም። ውሃው ይወጣል፣ የወጥ ቅባትና እርድ ግን አይወጣም። እኔ ራሴ አንዷን ድንጋይ አድርጌ ዶሮ ሠርቼ አይቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ቢጫ ናት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የድንጋዩ አይደለም።

ክብደትም ላይ ያጭበረብራል ይሄ መጠጣት። አንዱን ድንጋይ በሚዛኔ ደረቁን 2.1 ግራም መዘንኩት። ነክሬ አሳድሬ ብመዝነው 2.3 ሆነ። በካራት ለሚገዛ ሰው አንድ ካራት ውሃ ገዛ ማለት ነው፤ 5 ካራት 1 ግራም ነውና። ልጁ ደረቁን መዝኖ፣ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። እስካሁን የኔ ሚዛን ከሱ ጋር ተጣልቶ አያውቅም።

ጥቁር ኦፓል ስጠይቀው የመለሰልኝ መልስም ወድጄለታለሁ። ተፈጥሯዊ ጥቁር ሰሜን ወሎ፣ ጋሸና አካባቢ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ተገኝቷል፤ ስታይሽ ከሚባለው ማውጫ የሚወጣው ነው። ገበያ ላይ ያለው ጥቁር ሁሉ ግን የዚያ አይደለም። የደላንታውን ነጭ በጭስ አጥቁሮ የሚሸጥ ሞልቷል፤ ጥቁረቱ ላይ ላዩን ነው። "እኔ ዘንድ ጥቁር የለም፣ ነጭና ቢጫማ ነው ያለኝ" አለኝ። ሊሸጥልኝ ይችል ነበር። ያኔ አላውቅም ነበርና።

አሁን የማልወድለትን ልናገር። አንደኛ፣ ልኩ። 10 በ8 ሚሊሜትር አዝዤ 10.4 በ8.2 ይመጣል። "ቀለሙ እዚያ ጫፍ ላይ ስለነበረ አሳዘነኝ" ይላል። እሱ ሲያዝን የብሩን ጠርዝ እንደገና የምሠራው እኔ ነኝ። በአንድ ልክ ሃያ፣ ሠላሳ ድንጋይ የሚፈልግ ሰው እሱ ዘንድ ባይሄድ ይሻለዋል፤ ያ ዓይነቱ ሥራ ጥሬያችንን ወስደው ጃይፑር፣ ህንድ የሚቆርጡት ሰዎች የተካኑበት ነው። ሁለተኛ፣ ፎቶው። ቀትር ላይ በስልክ መብራት ጭምር ያነሳዋል፤ የሌለ እሳት ያወጣል። አሁን ጥላ ውስጥም አንሣልኝ እለዋለሁ፣ ያነሳልኛል። ሦስተኛ፣ ስልክ አያነሳም። ዋሻ ከገባ አራት ቀን ይጠፋል። አንድ ሙሽራ የሠርጓ ሳምንት ደርሶ እኔ ያለ ድንጋይ ቀረሁ፤ በስተመጨረሻ የራሴን አውልቄ ሰጠኋት።

ዋጋው እርካሽ አይደለም። ባለፈው የገዛሁት፣ የማር እንጀራ የመሰለ ንድፍ ያለው፣ 5 ካራት ከምናምን፣ 11,000 ብር ነው። አዲስ አበባ መጠኑ ተመሳሳይ በ7,000 አግኝቻለሁ። ግን ከእሱ እስካሁን 23 ድንጋይ ገዝቼ የተሰነጠቀብኝ አንድ ነው፣ በስምንተኛው ወር። ፎቶውን ላኩለት። አልተከራከረም፤ በሚቀጥለው ጭነት ሌላ ጨምሮ ላከ። አንድ ዓመት ነው ዋስትናው። "ለምን ሁለት አታደርገውም?" ብለው፣ "አብሽሪ እታለም፣ አንድ ዓመት ከቆየ ይቆያል። ከዚያ በላይማ ምድጃ ላይ ብታስቀምጪውስ?" አለኝ።

አላላኩ ደሴ ድረስ በሚያምነው ሰው፣ ከደሴ በአውቶቡስ ነው። መንገድ ሲዘጋ ይዘገያል። ግማሹን ቀድማችሁ ትልካላችሁ፣ ቀሪውን ስትቀበሉ። ደረሰኝ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሳይልክ ንገሩት፤ በማኅበራቸው በኩል ነው የሚመጣው፣ ቀን ይወስዳል።

ትናንት ማታ የካርቶኑን ፎቶ ልኮልኛል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አረንጓዴ የሚመታ አንድ አለ፣ ከሥሩ "ግንቦት 9" የተጻፈበት። እሱን ያዝልኝ ብዬዋለሁ። "ሳይደርስ አልቆርጥም" ብሎ መለሰልኝ።