ቁርጥ ዕድሜ ወይስ የዳኛ ሚዛን?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዘን ከጎረቤቴ ጋር ተከራከርን። በ17 ዓመቱ ነፍስ ያጠፋ ልጅ ሞት ይፈረድበት?

የእሱ ሐሳብ ለዳኛው መተው ነው። «አቦ ተወኝ፣ አቅዶ የገደለ ምን ልጅ ይባላል?» ይላል። አሜሪካ ይህን መንገድ ሞክራዋለች። እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ በአንዳንድ ግዛቶች በ16 እና በ17 ዓመት ለተፈጸመ ግድያ ሞት ይፈረድ ነበር። ከዚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሮፐር እና ሲመንስ ጉዳይ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ አገደው። አንዱ ምክንያት የወንጀሉ ጭካኔ የልጁን ዕድሜ ከፈራጆች ዓይን ሊጋርድ ይችላል የሚል ነው። እኔን ያሳመነኝም ይኸው ነው። ሬሳ ተቀምጦ ማን ዕድሜ ይመዝናል?

የእኛ ሕግ ቁርጥ መስመር አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117፣ ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ያልሞላው ሰው በሞት እንዲቀጣ አይፈቅድም። ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው የፍርዱ ቀን ዕድሜ አይደለም። ቀጠሮ ተጓትቶ 20 ቢሞላውም ለውጥ የለውም። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 37ም ይህንኑ ይላል።

ጎረቤቴ ግን አንድ ቦታ ያዘኝ። «የልደት ሰርተፍኬት የሌለውስ?» እውነቱን ነው። ሐኪም በራጅ አይቶ የሚናገረው ግምት ነው፤ ወር አይቆጥርም። ቢሆንም ጥርጣሬው ለልጁ ቢያደላ እመርጣለሁ። የተሰቀለን ሰው ማን ያወርደዋል?

እሱ አልተዋጠለትም። የሻዩን ከፍሎ፣ «የሟችስ እናት?» አለኝና ባጃጅ ይዞ ሄደ።